«ዶክተር፣ ይዝጉልኝ!» — ከኮሎስቶሚ ጋር መኖር ወይስ ሌላ ትልቅ ቀዶ ሕክምና?

ዛሬ ብዙዎች በውስጥ መስመር እየጠየቁኝ፣ በአደባባይ ግን ስለማይወራ ጉዳይ ላወራችሁ ነው።

ከወራት በፊት አንድ አባት ከልጃቸው ጋር መጡ (ታሪኩን የማካፍላችሁ በፈቃዳቸው ነው)። አንጀታቸው ተጠማዝዞ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና የተበላሸው ክፍል ወጥቷል፤ ሰገራ በግራ ሆዳቸው በኩል ወደ ከረጢት ይወጣል። ገና ሳይቀመጡ «ዶክተር፣ ብሞትም ልሙት፣ ይዝጉልኝ» አሉኝ። ልጃቸው ደግሞ «አባዬ ይቅርብህ፣ መትረፍህም ተመስገን ነው» ትላለች።

ሁለቱም እውነት አላቸው።

«መዝጋት» ሲባል ቁስል መስፋት የሚመስለው ሰው አለ። አይደለም! እንደ እሳቸው ዓይነት ላይ ሆድ እንደገና ተከፍቶ (አንዳንዴ በካሜራ) ሁለቱ የአንጀት ጫፎች ይገጣጠማሉ። ትልቁ ስጋት መገጣጠሚያው ካፈሰሰ ነው፦ ሆድ ውስጥ ኢንፌክሽን ይፈጠራል፣ ሌላ ቀዶ ሕክምናና ሌላ ከረጢት ሊያስፈልግ ይችላል፣ ለሕይወትም ያሰጋል። ጊዜያዊ የቀጭን አንጀት መውጫን (ኢሌኦስቶሚ) መዝጋት ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀለል ይላል። በካንሰር ምክንያት ፊንጢጣው ከነጡንቻው ለወጣ ሰው ደግሞ መውጫው ቋሚ ነው።

ከመወሰናችሁ በፊት እነዚህን ጠይቁ፦

✅ የእኔ መውጫ ጊዜያዊ ነው ወይስ ቋሚ?
✅ ልቤ፣ ሳንባዬ፣ ስኳሬና የደም መጠኔ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ይችላሉ?
✅ የፊንጢጣዬ ጡንቻ ሰገራ ይይዛል? ካልያዘ፣ ከተዘጋ በኋላ የሚያመልጠው ከከረጢቱ የባሰ ሊያስቸግር ይችላል።
✅ በቂ ጊዜ አልፏል? ብዙውን ጊዜ ቢያንስ ከ3 እስከ 6 ወር እንጠብቃለን።
✅ ካልተዘጋስ? ከረጢቱን ሳላቋርጥ መግዛት እችላለሁ?

እኚህን አባት «ከሁሉም የሚያስመርርዎት ምንድን ነው?» ስላቸው፣ «ይፈሳል፣ ይሸታል። ቤተ ክርስቲያን ከሄድኩ ቆየሁ፣ ዕድርም ቀረሁ» አሉኝ። ከረጢቱን ስናየው ቀዳዳው በጣም ሰፍቶ ተቆርጧል፤ ቆዳቸው ቆስሏል።

ነርሷ ቁጭ ብላ አሳየቻቸው፦

👉 መውጫውን ለክቶ፣ ቀዳዳውን ከሱ 2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ሰፋ አድርጎ መቁረጥ
👉 ቆዳውን በለብ ያለ ውሃ አጥቦ በደንብ ማድረቅ
👉 ከረጢቱ ሲሶው ሲሞላ ባዶ ማድረግ

ደም ማነስ ነበረባቸው፣ ሲጋራም ያጨሱ ነበር። ሁለቱም ለመገጣጠሚያው መዳን ጠላት ናቸው። ስለዚህ ሲጋራውን እንዲተዉ፣ ደም ማነሱንም እንድናክም ተስማማን።

በቀጠሯቸው ሲመጡ ቆዳቸው ድኗል፤ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ላይም ውለዋል። «አሁን ይዝጉልኝ ብዬ አልጨቀጭቅዎትም። ልጠንክርና አስቤበት እነግርዎታለሁ» አሉኝ። ነገ «ይዘጋ» ቢሉኝም «ይቅር» ቢሉኝም አብሬያቸው ነኝ። አሁን የሚወስኑት ግን በእፍረት ተገፍተው አይደለም።

⚠️ መውጫው ከጠቆረ፣ ወይም ምንም መውጣት አቁሞ ሆድ ከተነፋና ካስመለሳችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ወዲያው ድንገተኛ ክፍል ሂዱ!

ይህ ትምህርት የሐኪማችሁን ምክር አይተካም። ከረጢት ይዞ በዝምታ የሚጨነቅ ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። መልካም ጤና!