ስለ ጥቁር እንጆሪ አጠባበቅ በብርድ አገር

በኢትዮጵያ ደጋ በአጥር ሥርና በወንዝ ዳር ማንም ሳይተክለው የሚበቅለው እንጆሪ በውጭ አገር ዘመዶች አሉት፤ ከእነዚህም አንዱ በአሜሪካ በየጓሮው የሚተከለው ጥቁር እንጆሪ ነው። በዚያው አገር በሰሜኑ ክፍል፥ ለምሳሌ በሚኒሶታ፥ ይህን ተክል የሚያለማ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ የሚያስገርም ነገር ይገጥመዋል፤ ይኸውም ተክሉ በየዓመቱ ለምልሞ እየታየ ፍሬ አለመስጠቱ ነው። ባለቤቱም ሦስት አራት ዓመት ከታገሠ በኋላ መካን ነው ብሎ ይነቅለዋል። ጥፋቱ ግን የተክሉ አይደለም።

የጥቁር እንጆሪ ሥር ብዙ ዓመት ይኖራል፤ ከሥሩ የሚወጣው ዘንግ ግን ዕድሜው ሁለት ዓመት ብቻ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ያድጋል፤ በሁለተኛው ያብባል፥ ያፈራል፥ ከዚያም ይደርቃል። በሚኒሶታ የበረዶ ወራት (ክረምት ከተባለ አንባቢ ዝናብ ይመስለዋል) ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድን የሚያልፍበት ቀን አለ። ሥሩ በአፈርና በበረዶ ተሸፍኖ ይድናል፤ ለነፋስ የተጋለጠው ዘንግ ግን ይሞታል። በረዶው ሲቀልጥ የሚታየው ልምላሜ እንግዲህ አዲስ ዘንግ ነው፤ እርሱም የማፍራት ተራው ሳይደርስ በሚቀጥለው ብርድ ይቀጠፋል።

ስለዚህ ዋናው ሥራ ዘንጉን ከብርድ ማሳለፍ ነው። ገና ለጋ ሳለ ወደ ምድር እያዘነበሉ ማሳደግ ይገባል፤ ከጠነከረ በኋላ ለማጐንበስ የሞከረ ሰው ይሰብረዋል። ብርዱ ሳይበረታ መሬት ላይ አስተኝቶ በካስማ ማያያዝና አንድ ስንዝር በሚያህል ገለባ መሸፈን፥ ብርዱ ሲያልፍም መግለጥ ነው። ገለባው ለአይጥ መጠለያ ስለሚሆንና አይጥም ልጡን ስለምትግጥ፥ አልፎ አልፎ ገልጦ መመልከት ያስፈልጋል። ከሐምሌ በኋላ ማዳበሪያ የሚጨምር ሰው ደግሞ ለውርጭ ለጋ ዘንግ ያዘጋጃል እንጂ ተክሉን አይጠቅምም።

ይህ ድካም ለከበደው ሌላ መንገድ አለ። የአርካንሳስ ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 ዓ.ም. ፕራይም ጃንና ፕራይም ጂም የተባሉ ሁለት ዓይነቶች አውጥቷል፤ እነዚህ በመጀመሪያው ዓመት ዘንግ ላይ ያፈራሉ። ዘንጋቸው በየዓመቱ ከምድር አጠገብ ሊቈረጥ ስለሚችል ከብርድ የሚጠበቅ ነገር አይተርፍም። ነገር ግን ፍሬያቸው ዘግይቶ ይደርሳል፤ ውርጩ ከቀደመም ያልበሰለው በዘንጉ ላይ ይቀራል። ፀሐይ በሚመታው በደቡብ ግድግዳ በኩል የተከለ ሰው ጥቂት ቀን ያተርፋል።