የሚያሳክክ ሁሉ እከክ ነውን?

በዛሬው ትምህርታችን የሚያሳክኩ የቆዳ በሽታዎች ደርሞስኮፕ በተባለ መሣሪያ እንዴት እንደሚለዩ እንመለከታለን።

ችግሩ ምንድን ነው?

በአንድ ቤት ሦስት ልጆች ሰውነታቸውን ያካሉ እንበል። እናትየው ከገበያ የገዛችውን ቅባት ለሦስቱም ትቀባለች። ነገር ግን አንዱ እከክ፣ ሌላው ችፌ፣ ሦስተኛው ጭርት ሊሆን ይችላል። ሦስቱም ያሳክካሉ፤ መድኃኒታቸው ግን የተለያየ ነው። ለችፌ የሚታዘዘው የስቴሮይድ ቅባት ጭርት ላይ ሲቀባ ማሳከኩን ለጊዜው ያስታግሳል፤ ፈንገሱ ግን ይስፋፋል። እከክ ላይ ሲቀባም ምልክቱን ይሸፍናል፤ በሽታው ግን ወደ ቀሪው ቤተሰብ ይተላለፋል።

በተጨማሪም የቆዳ መቅላት በጥቁር ቆዳ ላይ በግልጽ አይታይም። ብዙ ጊዜ ግራጫ ወይም ጠቆር ያለ ቡናማ ይመስላል። ስለዚህ በዓይን ብቻ መለየት ያስቸግራል።

ደርሞስኮፕ ምንድን ነው?

በእጅ የሚያዝ፣ መብራት ያለው አጉሊ መነጽር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቆዳን 10 እጥፍ አጉልቶ ያሳያል። አያምም፣ ደም አይወስድም፣ እንደ ራጅም ጨረር የለውም።

ባለሙያው ምን ይፈልጋል?

1. እከክ፦ ተባዩ ቆዳ ውስጥ የቆፈረው ጠመዝማዛ ነጭ መስመርና በመስመሩ ጫፍ ላይ ትንሽ ጠቆር ያለ ሦስት ማዕዘን።

2. ችፌ፦ እዚህም እዚያም የተበታተኑ ቀያይ ነጥቦችና ቢጫ ቅርፊት።

3. ሶሪያሲስ፦ በእኩል የተሰራጩ ቀያይ ነጥቦችና ነጭ ቅርፊት። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

4. የራስ ጭርት፦ የተሰበረ፣ የተቆለመመ ወይም የተጠማዘዘ ፀጉር።

መነጽሩ ሁሉን አያሳይም። ቁስሉ ከመገለ ወይም ቅባት ከተቀባ ምልክቱ ሊጠፋ ይችላል። ምልክቱ አልታየም ማለትም እከክ የለም ማለት አይደለም። ስለዚህ የታማሚው ቃል የምርመራው ግማሽ ነው።

በጎ ፈቃደኞች ምን ይጠይቁ?

• ማሳከኩ ሌሊት ይብሳል ወይ?
• በቤት ውስጥ ሌላ የሚያሳክከው ሰው አለ ወይ?
• እስካሁን ምን ተቀብቷል? ቱቦውን ይዘው እንዲመጡ ይንገሯቸው።
• የደነዘዘ፣ ሲነካ የማይሰማ ቦታ አለ ወይ? ካለ የሥጋ ደዌ ሊሆን ስለሚችል ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይላኩ። በሽታው ይድናል፤ መድኃኒቱም በነፃ ይሰጣል።

መነጽሩን የሚይዝ ሰው ከእያንዳንዱ ታማሚ በኋላ በአልኮል ይጥረገው።

እከክ መሆኑ ከታወቀስ?

የሚያሳክከውም የማያሳክከውም የቤቱ ሰው ሁሉ በአንድ ቀን ይታከማል። በመጀመሪያ ጊዜ ሲይዝ ማሳከኩ እስኪጀምር ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊወስድ ስለሚችል ጤነኛ የሚመስለውም ተባዩን ይዞ ሊሆን ይችላል። ልብስና አልጋ ልብስ በሙቅ ውኃ ይታጠብ። መታጠብ የማይችለው በፌስታል ታስሮ ለአንድ ሳምንት ይቀመጥ። ከሕክምናው በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል መድኃኒቱ አልሠራም ብለው በራስዎ አይደጋግሙ።

ያስታውሱ! እከክ የድህነት ወይም የቆሻሻነት ምልክት አይደለም። በተጨናነቀ መኖሪያ ማንንም ይይዛል። ስለዚህ ሳያፍሩና ቅባት ሳይቀቡ በመጀመሪያ ይመርመሩ።