ፈጠራ እንዴት ይወለዳል?

ተማሪዎች፣ ስለ ፈጠራ ድርሰት ጻፉ ብትባሉ ከመካከላችሁ ብዙዎቻችሁ «ፈጠራ ለሰው ልጅ እጅግ ጠቃሚ ነው» በማለት እንደምትጀምሩ ከወዲሁ መገመት ይቻላል። ዐረፍተ ነገሩ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን ለአንባቢው አስቀድሞ የሚያውቀውን ስለሚነግረው ወደ ሁለተኛው ዐረፍተ ነገር የሚስበው ነገር አይኖርም። ከዚያ ይልቅ፣ ማን ምን ቸገረው? በእጁ ምን ነበረው? ከእርሱ በፊት የነበሩት እስከ የት ደርሰው ቆሙ? ብላችሁ ብትጠይቁ ድርሰቱ ራሱ መንገዱን ያሳያችኋል። ቀጥሎ የቀረበውን ታሪክ እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በልቡናችሁ ይዛችሁ አንብቡ።

በቅድሚያ ግን ተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚያምታቷቸውን ሦስት ግሦች እንለይ። «አገኘ» የምንለው ነገሩ ቀድሞ ኖሮ፣ ነገር ግን ሳይታወቅ ቆይቶ፣ አንድ ሰው ሲደርስበት ነው፤ ኒውተን የስበትን ሕግ አገኘ እንላለን እንጂ ፈጠረ አንልም። «ፈጠረ» የምንለው ያልነበረ ነገር ሲሠራ ነው። «አሻሻለ» ደግሞ ሌላ ሰው የጀመረውን ለተሻለ አገልግሎት ማብቃትን ያመለክታል። በመዝገበ ቃላት ውስጥ ሦስቱ ተራርቀው ይታያሉ፤ በሰው ሥራ ውስጥ ግን የኋለኞቹ የሁለቱ ድንበር እምብዛም አይለይም።

ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1809 በፈረንሳይ አገር፣ ከፓሪስ በስተምሥራቅ በምትገኝ ኩቭሬ በምትባል መንደር ተወለደ። አባቱ ኮርቻና ልጓም እየሠራ የሚተዳደር የቆዳ ባለሙያ ነበር። ሕፃኑ የሦስት ዓመት ልጅ ሳለ ከአባቱ የሥራ ቦታ ገብቶ በቆዳ መብሻ ወስፌ ሲጫወት ጫፉ አንድ ዓይኑን ወጋው። በዚያ ዘመን ቁስልን ከማመርቀዝ የሚያድን መድኃኒት ስላልነበረ ሕመሙ ወደ ሁለተኛው ዓይኑ ተዛመተ፤ አምስት ዓመት ሲሞላው የዓይኑ ብርሃን ፈጽሞ ጠፋ።

ዐሥር ዓመት ሲሆነው፣ እ.ኤ.አ. በ1819፣ በፓሪስ ወደሚገኘው የዓይነ ስውራን ወጣቶች ትምህርት ቤት ገባ። የትምህርት ቤቱ መሥራች ቫለንቲን አዩኢ ተራውን የላቲን ፊደል በወፍራም ወረቀት ላይ በማሳበጥ በጣት የሚዳሰስ መጽሐፍ አዘጋጅተው ነበር። ይህ በዘመኑ ታላቅ ርምጃ ነው። ይሁን እንጂ ፊደላቱ ትልልቅ ስለነበሩ መጻሕፍቱ ከባድና ጥቂት ሆኑ፤ አንባቢውም የእያንዳንዱን ፊደል ቅርጽ በጣቱ እየተከተለ መለየት ስለነበረበት የዐረፍተ ነገሩ መጨረሻ ላይ ሲደርስ መጀመሪያውን ሊረሳ ይችል ነበር። ከሁሉ የባሰው ግን በዚህ ዘዴ ማንበብ እንጂ በራስ እጅ መጻፍ የማይቻል መሆኑ ነበር። እስቲ ለአፍታ አስቡት፤ ተማሪው መምህሩ የተናገረውን በማስታወሻ አይዝም፤ ለእናቱ ደብዳቤ መላክ ቢፈልግ የልቡን ምሥጢር አስቀድሞ ለሌላ ሰው መናገር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ1821 ሻርል ባርቢዬ የተባሉ የቀድሞ የመድፈኛ መኮንን የፈለሰፉት ጽሕፈት ለትምህርት ቤቱ ቀረበ። ጽሕፈቱ በመስመር የተሠራ ሳይሆን ከወረቀቱ በላይ ብቅ ባሉ ነጥቦች የተሠራ ነበር። ነጥቦቹ ስድስት ስድስት ሆነው በሁለት ዓምድ ሲደረደሩ በጠቅላላው እስከ ዐሥራ ሁለት ይደርሳሉ፤ የሚወክሉትም ፊደልን ሳይሆን ድምፅን ነው። ነጥብ ከመስመር ይልቅ ለጣት ግልጽ ስለሆነና በሹል ብረት ወረቀቱን በመውጋት በቀላሉ ስለሚጻፍ ተማሪዎቹ በደስታ ተቀበሉት። ሆኖም ጉድለት ነበረበት። የቃላትን ትክክለኛ አጻጻፍ አያሳይም፤ ሥርዓተ ነጥብና አኃዝ የለውም። ዐሥራ ሁለት ነጥብ ደግሞ ከአንድ የጣት ጫፍ በላይ ነው። ባርቢዬ የሚያዩ ሰው ስለነበሩ ዐሥራ ሁለቱ ነጥቦች በአንድ እይታ ይገቡላቸዋል፤ ልጁ ግን ጣቱን ወደ ላይና ወደ ታች እያመላለሰ መቁጠር ነበረበት። ጉድለቱን ያወቀው ጣቱ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ጸሐፊዎች «በድንገት አንድ ሐሳብ መጣለት» ብለው ማለፍ ይወዳሉ። ሐሳቡ በድንገት አልመጣም። ብሬል ባርቢዬ ባመጡት ዘዴ ላይ፣ ነጥቦቹን እየቀነሰና ቦታቸውን እየለዋወጠ፣ ሦስት ዓመት ያህል ደከመ። እ.ኤ.አ. በ1824፣ ገና የዐሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሳለ፣ የሥራው ዋና መልክ ተጠናቀቀ፤ ነጥቦቹ በሁለት ዓምድ ሦስት ሦስት ሆነው በጠቅላላው ስድስት ብቻ ቀሩ። ስድስቱ ነጥቦች ጣት ሳይንቀሳቀስ በአንድ ዳሰሳ ይታወቃሉ።

ስድስት ነጥብ ያንሳል የሚል ካለ በሒሳብ ይሞክረው። እያንዳንዱ ነጥብ ወይ ይኖራል፣ ወይ አይኖርም፤ ስለዚህ ሁለትን ስድስት ጊዜ በራሱ ስናባዛ 64 እናገኛለን። ሁሉም ነጥቦች የሌሉበትን ባዶ ቦታ ስንቀንስ 63 ምልክቶች ይቀራሉ። ለፈረንሳይኛ ፊደላት፣ ለሥርዓተ ነጥብና ለአኃዝ ይህ ይበቃል። አደራደሩም በዘፈቀደ አይደለም፤ የመጀመሪያዎቹ ዐሥር ፊደላት በላይኞቹ አራት ነጥቦች ብቻ ይጻፋሉ፤ ለሚቀጥሉት ዐሥር እነዚያው ቅርጾች ተደግመው በስተግራ ከታች አንድ ነጥብ ይጨመርባቸዋል። ዐሥሩን ያጠና ሰው ሌሎቹን ዐሥር በቀላሉ ይይዛል።

ሥራው እ.ኤ.አ. በ1829 በመጽሐፍ ታተመ። ብሬልም በዚያው በተማረበት ትምህርት ቤት መምህር ሆነ። ይሁን እንጂ ዘዴው ተቀባይነት ለማግኘት ረጅም ጊዜ ፈጀ። ነጥቦቹ የሚያዩ ሰዎች ከሚያነቡት ፊደል ጋር ስለማይመሳሰሉ ዓይነ ስውራንን ከሌላው ሕዝብ ይለያሉ የሚል ተቃውሞ ተነሣ። ተቃውሞው ከክፋት የመነጨ ነው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ተቃዋሚዎቹ በዓይናቸው እንጂ በጣታቸው የሚያነቡ አልነበሩም። በ1840ዎቹ ዘዴው በትምህርት ቤቱ ውስጥ እስከ መከልከል ደረሰ። ተማሪዎቹ ግን በስውር መጻጻፋቸውን አልተዉም፤ አንድ ጊዜ በራሱ እጅ ደብዳቤ የጻፈ ሰው ወደ ቀድሞው ዝምታ አይመለስምና። ብሬል እ.ኤ.አ. በ1852 በሳንባ ነቀርሳ ሕመም በ43 ዓመቱ ሞተ። ትምህርት ቤቱ ዘዴውን በይፋ የተቀበለው ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

ይህ ጽሕፈት ለአማርኛ በተዘጋጀ ጊዜ አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ አስነሥቷል። 33ቱ ፊደላት በሰባት ድምፅ ሲባዙ፣ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር፣ 231 ቅርጾች ይሆናሉ፤ ያሉት ምልክቶች ግን 63 ብቻ ናቸው። መፍትሔው በሰዋስው ክፍለ ጊዜ የተማራችሁት የተነባቢና የአናባቢ ልዩነት ሆነ። በተራ ጽሕፈታችን «ሉ» አንድ ምልክት ነው፤ በአማርኛ ብሬል ግን የተነባቢው የ«ል» ምልክት ይቀድምና የአናባቢው የ«ኡ» ምልክት ይከተለዋል። ስለዚህ ከእኛ መካከል ድምፅን ከድምፅ ለይቶ የሚጽፈው የብሬል ጸሐፊ ነው ማለት ይቻላል።

ሁለተኛውን ምሳሌ በአጭሩ እናንሣ። ዊልያም ካምክዋምባ የማላዊ ገበሬ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2001ና በ2002 በአገሩ ረሀብ በገባ ጊዜ ወላጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ መክፈል ስላቃታቸው ትምህርቱን አቋረጠ፤ ሆኖም ወደ አንዲት ትንሽ ቤተ መጻሕፍት መመላለሱን አልተወም። በዚያ ስለ ኃይል ምንጭ የሚያስረዳ መጽሐፍ አገኘ። የእንግሊዝኛ ችሎታው ገና አነስተኛ ስለነበረ ብዙውን የተረዳው ከሥዕሎቹ ነው። ከአሮጌ ብስክሌት፣ ከትራክተር ማራገቢያና ከፕላስቲክ ቧንቧ አንድ የነፋስ መዘውር ሠርቶ በባሕር ዛፍ ግንዶች ማማ ላይ አቆመው። የብስክሌቱ ዲናሞ በነፋሱ ሲዞር በቤታቸው አምፖል በራ። ያን ጊዜ ዕድሜው ዐሥራ አራት ዓመት ነበር። የነፋስ መዘውር ከእርሱ በፊት ለዘመናት የታወቀ ነገር ነው፤ ታዲያ ካምክዋምባ «ፈጠረ» ወይስ «ሠራ» ብለን እንጻፍ? ይህን በክፍል ውስጥ ተከራከሩበት፤ የዚህ ትምህርት አዘጋጅ «ፈጠረ» ወደሚለው ያደላል፤ ምክንያቱም መጽሐፉ ያሳየው መዘውሩን እንጂ ብስክሌቱን በምን እንደሚተካ አልነበረም።

የድርሰት መልመጃ። እናንተ ራሳችሁ ወይም በሰፈራችሁ ያለ ልጅ የሠራውን አንድ ነገር ምረጡ፤ ከሽቦ የተሠራ መኪና፣ የጨርቅ ኳስ፣ ወይም እናት በማጀት ከተቸገረችበት ጉዳይ የተነሣ የተበጀ መሣሪያ ሊሆን ይችላል። በመጀመሪያው አንቀጽ የጎደለውን ነገር፣ በሁለተኛው በእጅ የነበረውን ዕቃና ከሌላ ሰው የተወሰደውን ሐሳብ፣ በሦስተኛው ያልተሳካውን ሙከራ ግለጹ። «አገኘ»፣ «ፈጠረ» እና «አሻሻለ» የሚሉትን ግሦች ቢያንስ አንድ አንድ ጊዜ በትክክለኛ ቦታቸው አግቧቸው። «በድንገት» የሚለውን ቃል አትጠቀሙ። ጽሑፉ ከአንድ ገጽ ተኩል አይብለጥ።