ከፕሮፎርማው ግርጌ የገቡት አምስት መስመሮች

ታናሽ ወንድሜ የጭነት መኪናውን ፕሮፎርማ ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ እዚህ ሜሪላንድ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ነበር። አዲስ አበባ ነግቶ እሱ ሻጩ ቢሮ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ ዛሬ ካልፈረማችሁ ዋጋው ይጨምራል እያሉኝ ነው፤ ምን ልበላቸው?» ይላል። የመኪናው ዋጋ ቀድመን የተስማማንበት ነው። ከግርጌው ግን ፈጽሞ ያልተነጋገርንባቸው አምስት መስመሮች ገብተዋል፦ የዋራንቲ ማራዘሚያ፣ የሻንሲ ፀረ ዝገት ቅብ፣ የቀለም መከላከያ፣ ጂፒኤስ፣ የጋቢና ታፔሴሪያ። አንድ በአንድ ሲታዩ ከመኪናው ዋጋ አጠገብ ኢምንት ናቸው። ተደምረው 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲያርፍባቸው ግን በሌሊት ፈረቃ ወራት ፈጅቼ ያጠራቀምኩት ገንዘብ ሆነው አገኘኋቸው።

«አትፈርም፤ የሚጨምር ከሆነ ይጨምር» አልኩት። ዋጋው አልጨመረም።

አሜሪካ ውስጥ አዲስ መኪና የገዛ ሰው ይህን ያውቀዋል። ዋጋ ከተቆረጠ በኋላ ወደ ሌላ ክፍል ይወስዱትና የተራዘመ ዋራንቲ፣ የቀለም ሽፋን፣ የሥር ቅብ እያሉ ይደረድሩለታል። «በወር ይህን ያህል ብቻ ነው» ይሉታል፤ ብድሩ ውስጥ ስለሚገባ በቅቡም በታፔሴሪያውም ላይ ለዓመታት ወለድ ይከፍላል። አዲስ አበባም በባንክ ብድር የሚገዙ ከሆነ ባንኩ የሚያየው ፕሮፎርማውን ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሻጩን መኪናው ብቻውን የተጻፈበት ፕሮፎርማ ይጠይቁት። ሌላው ሁሉ በሌላ ወረቀት ይምጣ።

ከአምስቱ መስመሮች ከባዱ ዋራንቲው ነው። በአማርኛችን ዋስትና ስንል መጀመሪያ የሚመጣብን ጥያቄ ዋሱ ማን ነው የሚል ነው። ዋስ ስሙ የሚታወቅ፣ ቤቱ የሚታወቅ፣ ቢጠሩት የሚመጣ ሰው ነው። የመኪና ዋራንቲም መታየት ያለበት በዚሁ ዓይን ይመስለኛል። ዋሱ ፋብሪካው ነው ወይስ አስመጪው? የፋብሪካው ሕጋዊ ወኪል የሸጠው ከሆነ የተበላሸውን ዕቃ በመጨረሻ የሚተካው ፋብሪካው ነው። መኪናውን ከሌላ አገር ገዝቶ ያስገባ ነጋዴ የሚሰጠው ወረቀት ግን ከጀርባው ያለው ዋስ ነጋዴው ራሱ ብቻ ነው፤ ሱቁን ከዘጋ ወረቀቱም አብሮ ይዘጋል። የወኪልነቱን ደብዳቤ ማየት ነውር አይደለም፤ ያሳዩኝ ይበሉ።

ቀጥሎ መኪናው የት እንደሚሠራ ያስቡ፤ ዋራንቲ የሚመዘነው በመንገዱ ነውና። ከአዲስ አበባ በጋላፊ በኩል ጅቡቲ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ነው፤ ደርሶ መልስ 1,800። በወር ሦስት ጊዜ የሚመላለስ መኪና 5,400 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት ወደ 65,000 ይሄዳል። ወረቀቱ «2 ዓመት ወይም 100,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰው» የሚል ቢሆን ዋራንቲው በ19ኛው ወር ላይ ያልቃል። ለእንዲህ ዓይነቱ መኪና «አንድ ዓመት እንጨምርልዎት» የሚል ማራዘሚያ የኪሎ ሜትር ጣሪያውን እስካላነሳ ድረስ ምንም አልጨመረም። ለእኛም ሊሸጥልን የቀረበው ልክ ይህ ነበር፤ ዓመቱ ተጨምሮ ኪሎ ሜትሩ ባለበት ቀርቷል።

ከተማ ውስጥ አሸዋና ገረጋንቲ የሚያመላልስ ገልባጭ ሲኖ ደግሞ ተቃራኒው ነው። ኪሎ ሜትሩ ጥቂት ነው፤ ሞተሩ ግን ወረፋ ላይ ቆሞም ሲያራግፍም ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እሱ ላይ ቀድሞ የሚያልቀው ዓመቱ ነው፤ ዓመት የሚጨምር ማራዘሚያ ዋጋ ሊኖረው ይችላል። ግን የገልባጩ ጃክና ፖምፓ በዋራንቲው ውስጥ መኖራቸውን በጽሑፍ ያረጋግጡ፤ ብዙውን ጊዜ ሻጩ ዋስ የሚሆነው ለመኪናው እንጂ ከኋላ ለተጫነው ዕቃ አይደለም።

በዋራንቲ የማይሸፈነውን ዝርዝር ከሚሸፈነው በፊት ያንብቡ። የፍሪሲዮን ሸራ፣ የፍሬን ሸራ፣ ፊልትሮ፣ ጎማ፣ ባትሪ፣ አምፖል እንደ አላቂ ዕቃ ይቆጠራሉ። ባሌስትራ በብዙ ውሎች ላይ ወይ የለም ወይ ዕድሜው አጭር ነው። ከአዲስ አበባ ደጋ ወደ አፋር ቆላ ጭነት ይዞ የሚወርድና የሚወጣ መኪና ገንዘብ የሚበላው በእነዚሁ ነው። ሞተር፣ ካምቢዮና ዲፈረንሻል በዋራንቲው ውስጥ ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከመጠን በላይ መጫን ከታየ ይወጣሉ። ወንድሜ የየጉዞውን የሚዛን ወረቀት በፋይል እንዲያስቀምጥ ያደረግሁት ለዚህ ነው። ሾፌሩ ተጨማሪ ባሌስትራ እናስደርብ ቢልም ዋራንቲው እስኪያልቅ ይጠብቅ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናገር። ከዚህ መኪና በፊት ለእህቴ ባል አንድ መኪና ገዝተን ነበር። ሻንሲውን ብቻ ተረክበን ካሶኒውን ሌላ ቤት አሠራን። ብየዳ ቤቱ የካሶኒውን እግር ሻንሲው ላይ በየደው፤ ባትሪውንም አልፈታም። ሁለት ወር ሳይሞላ የሞተሩ ኮምፒውተር አስቸገረ። ሻጩ አንድ ቀን መጥቶ አየና «ሻንሲው ተበይዷል፣ ዋራንቲው ወድቋል» ብሎ በደብዳቤ መለሰልን። ውሉን ሳነብ እውነትም ተጽፏል፤ በሦስተኛው ገጽ። ካሶኒ ከማሠራትዎ በፊት ሻጩ የሚቀበለውን አሠራር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የሚቀበለውን ካሶኒ ሠሪ ስምም ያስጽፉ። ካሶኒው ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ስለሚፈጅ የዋራንቲው ቀን ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠርም ይጠይቁ። ገንዘብ ከተከፈለበት ቀን የሚጀምር ዋራንቲ መኪናው ግቢ ውስጥ ቆሞ ታርጋ ሲጠብቅ እየተበላ ነው።

ሌላው እኛን ዳያስፖራዎችን የሚያሳስተን ሕጉ ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 በወጣው የዋራንቲ ሕግ መሠረት አንድ ሻጭ «ሰርቪስ ያደረግኸው ሌላ ጋራዥ ነው» በማለት ብቻ ዋራንቲ ሊሰርዝ አይችልም። ይህን ልማድ ይዘው አይሂዱ። የኢትዮጵያ የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱና ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለንግድ ሥራ የጭነት መኪና የገዛ ሰው በዚያ ጥላ ሥር አይገባም። የቀረልዎት የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግና የፈረሙት ውል ነው። ሕጉ ደግሞ ገዢው ዕቃውን ሳይዘገይ እንዲመረምርና ጉድለት ሲያገኝ ቶሎ ለሻጩ እንዲያስታውቅ ይጠይቃል። ጉድለት ሲታይ ስልክ መደወል ብቻ አይበቃም፤ ቀን የተጻፈበት ደብዳቤ ገብቶ በግልባጩ ላይ የመቀበያ ማኅተም ይደረግበት። ሰርቪሱም ውሉ ባለው ጋራዥ፣ ውሉ ባለው ኪሎ ሜትር ይሁን።

ለሻጩ አንድ ጥያቄ ሳያቀርቡ አይፈርሙ፦ መኪናው ሚሌ ላይ ቢቆም ማን ይመጣል? ጋራዡ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ መጎተቻውን የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት። ዕቃው መጋዘን ውስጥ ከሌለ ደግሞ በነጻ የሚተካው ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ መኪናው ይቆማል፤ የቆመበትን ገቢ የሚከፍል ዋራንቲ እስካሁን አላየሁም። ለማራዘሚያ ሊከፍሉት በነበረው ገንዘብ ፊልትሮ፣ ቺንጊያ፣ አንድ የውኃ ፖምፓና መጠባበቂያ ጎማ ገዝቶ ማስቀመጥ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ቅቡ። አሜሪካ ውስጥ የሥር ቅብ የሚሸጠው በክረምት መንገድ ላይ ጨው ስለሚበተን ነው። ደብረ ብርሃንና ሐዋሳ ለሚመላለስ መኪና ያ ምክንያት የለም። ከአፍዴራ ጨው የሚጭን ከሆነ ግን ገንዘቡን ይክፈሉ፤ እርጥብ ጨው ከጆንያው እየተንጠባጠበ ሻንሲውን ይበላዋል፤ ቅቡም በየዓመቱ መታደስ አለበት። የጅቡቲ ወደብ የባሕር አየርም ቀላል አይደለም፤ እዚያ ለሚመላለስ ግን አዘውትሮ ሥሩን በንጹህ ውኃ ማሳጠብ ብዙውን ሥራ ይሠራል። የቀለም መከላከያውን ይተዉት። ታፔሴሪያውን ውጭ ያሠሩት።

ጂፒኤስ መልካም ነው። የናፍጣ መለኪያ ሴንሰር ካለው የበለጠ መልካም ነው። ብቻ የአካውንቱ ባለቤት እርስዎ ይሁኑ፤ የይለፍ ቃሉ ሻጩ ዘንድ ቀርቶ ዓመታዊ ክፍያው ሲያልቅ መኪናው ከስልክዎ የጠፋባቸውን አውቃለሁ። ሾፌሩም መገጠሙን ይወቅ። ተደብቆ የተገጠመ ጂፒኤስ መተማመንን ያፈርሳል፤ እርስዎ ውቅያኖስ ማዶ ሆነው መኪናዎን የሚጠብቅልዎት ደግሞ እሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ጥበቃ ልመለስ፤ እሱም ከአምስቱ መስመሮች ውስጥ አልነበረም፦ መድን። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 የግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን መኪናዎ ለሚጎዳው ሰውና ንብረት ነው እንጂ ለመኪናዎ አይደለም። ለራሱ ለመኪናው ሙሉ ሽፋን ያስፈልጋል። ሙሉ ሽፋን የሚለው ስም ግን ሁሉን ያካተተ እየመሰለ ያሳስታል። የሽፍታ ጥቃት በተጨማሪ አረቦን የሚገባ ነው። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር የሚያደርሰው ጉዳትም ለብቻው የሚሸጥ ሽፋን ነው፤ ባለፉት ዓመታት መንገዶቻችንን ላየ ሰው ይህ እንደ ጌጥ የሚታለፍ አይደለም። የፊት መስታወቱም መሸፈኑን ይጠይቁ።

መኪናው ጅቡቲ የሚገባ ከሆነ ቢጫ ካርድ ያስፈልገዋል። እኛ ዳያስፖራዎች ቢጫ ካርድ ስንል በ1994 በወጣው አዋጅ የመጣውን የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ ነው የምናስበው፤ ይኼኛው ግን የኮሜሳ አገሮች የሦስተኛ ወገን መድን ነው። ጅቡቲ ውስጥ በራሱ በመኪናው ላይ ለሚደርስ ጉዳት ደግሞ የመድን ውሉ ክልል ተዘርግቶ ጅቡቲን እንዲጨምር ማስደረግ ያስፈልጋል። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው። ብዙ ሰው አንዱን ይዞ ሁለቱንም የያዘ ይመስለዋል።

ከሁሉ በላይ የመኪናው የመድን ዋጋ ትክክለኛ ይሁን። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ፤ የመኪናና የመለዋወጫ ዋጋም ተከተለ። መድኑን በድሮው ዋጋ ያሳደሰ ሰው የሚደርስበትን በምሳሌ ላሳይ። ዛሬ 10 ሚሊዮን ብር የሚያወጣ መኪና በ6 ሚሊዮን መድን ቢገባና የ1 ሚሊዮን ብር ጉዳት ቢደርስበት መድን ሰጪው በድርሻው ልክ 600 ሺህ ያስባል፤ ከዚያም ላይ በውሉ የተጻፈውን ተቀናሽ ያነሳል። መድኑ ሲታደስ የዓመቱን የገበያ ዋጋ ያስገምቱ።

ሾፌሩንና ረዳቱንም ያስቡ። የሥራ ላይ ጉዳት የአሠሪው ኃላፊነት ነው፤ አሠሪው ደግሞ እርስዎ ነዎት። ለሁለቱ የአደጋ ሽፋን የሚከፈለው አረቦን ከቀለም መከላከያው ዋጋ ጋር ሲነጻጸር እንዴት ትንሽ እንደሆነ ሳይ አዝኛለሁ፤ የቀለም መከላከያውን ፕሮፎርማው ላይ ያስገባ እንጂ ይህን ሽፋን ያስታወሰን ሰው አልነበረም።

የመጨረሻው የውክልናው ጉዳይ ነው። ሊብሬው በእርስዎ ስም ሆኖ እርስዎ ሲያትል ወይም ሪያድ ከሆኑ ዋራንቲ የሚጠይቀው፣ የመድን ካሳ የሚቀበለው ማን ነው? በሕጋችን ጠቅላላ ውክልና የሚያሠራው የአስተዳደር ሥራ ብቻ ነው። ክስ ለማቅረብና በስምምነት ለመጨረስ ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ሲሄዱ እነዚህን ሥልጣኖች በስማቸው ያስጽፏቸው፤ የመድን ካሳ መቀበልንም ይጨምሩ። አደጋው ከደረሰ በኋላ አዲስ ውክልና ጽፎ፣ ልኮ፣ አዲስ አበባ አረጋግጦ እስኪያልቅ መኪናው ጋራዥ ግቢ ውስጥ ይቆማል።

እኛ ከአምስቱ መስመሮች ጂፒኤሱን ብቻ ወሰድን። በምትኩ ውሉ ላይ ሁለት ነገር እንዲጻፍ ጠየቅን፦ ዋራንቲው መኪናው ካሶኒው ተገጥሞለት ታርጋ ካወጣበት ቀን ይቆጠር፤ ዋራንቲ ውስጥ ያለ ዕቃ በ30 ቀን ካልተተካ ከውጭ ገዝተን ሂሳቡን ይክፈሉን። የመጀመሪያውን ተቀበሉ፤ ሁለተኛውን አራት ቀን ተከራክረን በ45 ቀን ተስማማን። ወንድሜ አሁን ሰርቪስ ባደረገ ቁጥር ማኅተም ያረፈበትን የደብተሩን ገጽ ፎቶ አንስቶ ይልክልኛል፤ እኔም ቀኑንና ኪሎ ሜትሩን እዚህ በማስታወሻዬ ላይ እጽፋለሁ።