ስንቅሽን ለባቡሩም አስቢ

ሻንጣውን ከመዝጋትሽ በፊት ስሚኝ። ልብሱን ማንም ያጣጥፈዋል፤ እኔን ያሳሰበኝ የምትበዪው ነው። ከአዲ አርቃይ ተነስተሽ ሊማሊሞን ትወጫለሽ፣ ደባርቅንና ዳባትን ታልፊያለሽ፣ ጎንደር ታድሪያለሽ፣ አዲስ አበባ ትገቢያለሽ፤ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ በባቡር ነው። እኛ ሰፈር ባቡር አይታወቅም። ባቡር ሲሉሽ እንደ ሆቴል ሁሉ ነገር የተሟላበት መስሎሽ ባዶ እጅሽን እንዳትሳፈሪ።

አንድ ነገር ያዢልኝ። የመንገድ ምግብ የሚወደደውም የሚበላሸውም አብሳይዋ ክፉ ስለሆነች አይደለም። በላተኛው ሌላ የሚሄድበት ስለሌለው፣ ነገም ስለማይመለስ ነው። የምሳ ቦታ የሚመርጠው ሾፌሩ ነው፤ ሾፌሩና ረዳቱ ደግሞ ብዙ ጊዜ በነፃ ይበላሉ። መኪናውን ያቆመ ይጋበዛል፣ የተጋበዘበት ከተሳፋሪው ሳህን ላይ ይወጣል። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ የሚውል ሰው ምሳ ቢጋበዝ አልቀናበትም። ግን እሱ ለምርጫው አይከፍልም፤ የምትከፍዪው አንቺ ነሽ።

ስለዚህ ሲወርዱ ተከትለሽ አትግቢ። ቆም ብለሽ ዙሪያውን እዪ። የጭነት መኪኖች የቆሙበት ምግብ ቤት ካለ ወደዚያ ሂጂ። የጭነት ሾፌር ከኪሱ ይከፍላል፣ በሳምንቱም በዚያው መንገድ ይመለሳል፤ ያስከፋውን ቤት ዳግም አይረግጥም። ከጎንደር አዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፍኖተ ሰላም፣ ደብረ ማርቆስ ወይም ደጀን ላይ መቆምሽ አይቀርም፤ ከተማ ውስጥ ከሆነ ጥቂት እርምጃ መራመድ ዋጋውን ሊለውጠው ይችላል። ብቻ ከረዳቱ ጋር ስንት ደቂቃ እንደምትቆሙ ተነጋገሪ።

ከመቀመጥሽ በፊት ዋጋ ጠይቂ። አትፈሪ፣ ነውር አይደለም። ቫቱ ውስጥ ነው ወይስ በላዩ ይመጣል ብለሽ ጨምሪበት፤ 15 በመቶ ለተማሪ ቀላል አይደለም። ዝርዝር ብርም ያዢ። ድፍን ብር ከሰጠሽ፣ አውቶቡሱ ጡሩምባ እየነፋ «መልስ የለም» ይሉሻል፤ ያኔ መከራከሪያ ጊዜ የለሽም።

ምን ልዘዝ ካልሽ፣ ሁሉም ሰው የሚያዘውን እዘዢ። ረቡዕና ዓርብ በያይነቱ ቶሎ ይመጣል፤ ብዙ ሰው ስለሚበላው ወጡም አያድርም። በፍስክ ቀን ያንኑ በያይነቱ ብታዢ ግን ከትናንት የተረፈ ሊሆን ይችላል። ሽሮ ተጋቢኖ እየተንተከተከ በሸክላ ስለሚቀርብ እኔ እሱን እመርጣለሁ። ቁርጥ በመንገድ ላይ አይሞከርም። ሩዝና ፓስታም ተቀቅሎ ለብ እንዳለ የዋለ ከሆነ ተይው፤ እንዲህ በዋለ ምግብ ላይ የሚራባ ተህዋስ አለ፣ የሚተወው መርዝ ዳግም ቢሞቅም አይጠፋም። ከምግቡ እንፋሎት ሲወጣ ስላየሽ ብቻ ደህና ነው አትበዪ።

የሊማሊሞን ነገር አንቺ ከኔ ይልቅ ታውቂዋለሽ፤ ጣሊያን የቀየሰው ጥምዝምዝ ሆድን ያገላብጣል። ባዶ ሆድሽንም አትሁኚ፣ ቅቤ የበዛበት ፍርፍርም አትብዪ። ደረቅ ዳቦ በሻይ ይበቃሻል፤ ዝንጅብል ከያዝሽ በጉዞ ላይ አላምጪው። ፌስታልም ከረዳቱ አትጠብቂ፣ የራስሽን በኪስሽ ያዢ።

አሁን ወደ ባቡሩ።

የድሮው ባቡር ለተሳፋሪ ሆድ ያስብ ነበር፤ ቀርፋፋ ስለነበር ነው። ሐዲዱ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ባቡሩ ሌሊት ስለማይሄድ ከጅቡቲ አዲስ አበባ ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ተሳፋሪው ድሬዳዋና አዋሽ ላይ ያድራል። አዋሽ ጣቢያ አጠገብ ያለው ቡፌ የተከፈተው ለዚሁ መንገደኛ ነው፤ የሚያድር ሰው ራት ይበላል፣ ቁርስ ይበላል፣ ሲመለስም እዚያው ያድራል። ገንዘብ የሌለው ደግሞ በየጣቢያው ከመስኮቱ ሥር ከሚጮሁት ሴቶችና ልጆች ፍራፍሬ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ሻይ ይገዛል። አንዷ ብታስወድድ ጎኗ ሌላዋ ቆማለች። ርካሽ ያደረገው ይኸው ፉክክር ነበር።

አዲሱ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፣ መደበኛ ሥራ የጀመረው ደግሞ በታኅሣሥ 2010። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጠዋት ከአዲስ አበባው ለቡ ጣቢያ ተነስቶ ከሰዓት በኋላ ድሬዳዋ ያደርስሻል። ፍጥነቱን አመስግኚው፤ ማደሪያ የሚከፈልበት ሌሊት አስቀርቶልሻል። ግን ጣቢያዎቹ ከከተማ ወጣ ብለው ነው የተሠሩት፣ መስኮቱም እንደ ድሮው እጅ አውጥተው የሚገበያዩበት አይደለም። በአሮጌው ሐዲድ ዳር ያሉ ትንንሽ ከተሞች ገበያቸው ተቋረጠ። ተሳፋሪውም ከውጭ የሚገዛበት አጣ፤ በባቡሩ ውስጥ የሚሸጥ ነገር ቢኖር እንኳ ሻጩ አንድ ነው። ከአውቶቡሱ የሚለየው ይሄ ነው፦ ከአውቶቡስ ወርደሽ ሌላ ቤት ታያለሽ፤ ከባቡር ግን ሜዳ መሃል የትም አትወርጂ።

የኛ ብቻ እንዳይመስልሽ። ሕንድን የሚያህል የባቡር አገር በዚሁ ተቸግሯል። በ2017 እ.ኤ.አ. የመንግሥቱ ዋና ኦዲተር በባቡርና በጣቢያ ከሚቀርበው ምግብ ከፊሉ ለሰው የማይሆን ሆኖ እንዳገኘው፣ ካልተጣራ የቧንቧ ውሃ መጠጥ እንደሚዘጋጅ፣ ለተሳፋሪም ደረሰኝ እንደማይሰጥ ጻፈ። ኋላ የባቡር ሚኒስቴሩ ደረሰኝ ካልተሰጠህ አትክፈል የሚል ደንብ አወጣ። ይህን ደንብ ወድጄዋለሁ። ተቆጣጣሪው ያልደረሰበትን ተሳፋሪው ራሱ እንዲቆጣጠር ሥልጣን ይሰጠዋል። እኛም አገር የዋጋ ዝርዝር በየፉርጎው ቢለጠፍ፣ ለአዳማና ለሞጆ ነጋዴ ሴቶችም በጣቢያው መድረክ ላይ ቦታ ቢሰጣቸው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። እስከዚያ ግን ስንቅሽ ነው መፍትሔው።

ስንቁ ደረቅ ይሁን። ደባርቅ ብርድ ነው፤ ባቡሩ ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን ሙቀቱ ሌላ ነው። የበሰለ እርጥብ ምግብ ከሁለት ሰዓት በላይ ያለ ማቀዝቀዣ መቆየት የለበትም፣ በጠራራ ከሆነማ ከአንድ ሰዓት በላይ። በሶ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ የማይበላሹት እርጥበት ስለሌላቸው ነው፤ እናቶቻችን ይህን ከማንም ሳይማሩ ያውቁታል። እናታችን ጭኮ ልትጭንብሽ ስትል ጥቂት ተቀበያት፣ አትከልክያት፤ ግን ቅቤው በሙቀት ልብስሽን እንዳያበላሸው በክዳን ዕቃ ይሁን። ለጾም ቀንሽ በሶውን ለብቻው ቋጥሪ። ድፎ ዳቦውን ጎንደር ስትደርሺ ጀምሪው፣ አዲስ አበባ ላይ ጨርሺው። ለባቡሩ ቀን አዲስ ዳቦ፣ ሙዝና ብርቱካን ከአዲስ አበባ ግዢ። ውሃ ሁለት ሃይላንድ ያዢ፣ ክዳኑ ሲከፈት ቀጭ ማለቱን ስሚ። ጨው ያለው ቆሎ አታብዢ፣ ያስጠማሻል።

ስንቅሽን ስትፈቺ ጎንሽ ያለውን ሰው ሳትጋብዢ አትጀምሪ፤ የሠፈራችን ልጅ መሆንሽ በዚህም ይታወቅ። የማታውቂው ሰው የሚሰጥሽን የተከፈተ መጠጥ ግን በፈገግታ ተመስገን ብለሽ መልሺ።

ድሬዳዋ ስትደርሺ የተረፈውን በሶ ለፈተና ጊዜ አስቀምጪው። ጣቢያው ከከተማ ውጭ ስለሆነ በባጃጁ ዋጋ ከመሳፈርሽ በፊት ተስማሚ። ሳምቡሳና ባጅያ ካማረሽ ቀፊራ ገበያ ውረጂ፤ ለመንገደኛ ሳይሆን ለሰፈሩ ሰው ከምትሸጠው ሴት ግዢ። በሁለተኛው ሳምንት በስምሽ ትጠራሻለች። ያኔ ደውይልኝና ስንት እንደሸጠችልሽ ንገሪኝ።