የምድር ሙቀት ለሕንፃ ማሞቂያና ማቀዝቀዣ፤ ከተለመደው ቦይለር ጋር ሲነጻጸር

«ጂኦተርማል» ሲባል በሀገራችን አስቀድሞ የሚታሰበው አሉቶ ላንጋኖ ነው። በዚያ ከ2,000 ሜትር በላይ ከወረዱ ጉድጓዶች የሚወጣው እንፋሎት ተርባይን አንቀሳቅሶ ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ታስቦ ተሠርቷል። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን ፍልውኃ በሌለበት ስፍራም የሚሠራውን፣ ሕንፃን የሚያሞቀውንና የሚያቀዘቅዘውን ዘዴ ነው። ርእሱን ያነሣነው በሰሜን አሜሪካ የሚገኙ አጥቢያዎች ያገለገለ ሕንፃ ሲገዙ ያረጀ ቦይለርም አብረው ስለሚረከቡ ነው፤ ቦይለሩ የተበላሸ ዕለት ሰበካ ጉባኤው በጥድፊያ ይወስናል።

ከምድር ወለል ከ10 እስከ 15 ሜትር ዝቅ ሲባል የአፈሩ ሙቀት ከወቅት ወቅት እምብዛም አይለዋወጥም፤ የአካባቢውን የዓመት አማካይ የአየር ሙቀት ይዞ ይቆያል። በዋሽንግተን አካባቢ ይህ 14 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። በጉድጓድ ውስጥ በተዘረጋ የፕላስቲክ ቧንቧ ውኃ ይዘዋወራል፤ «ሂት ፓምፕ» የተባለው መሣሪያ ፍሪጅ በሚሠራበት መንገድ ሙቀቱን ከውኃው ወስዶ፣ መጠኑን ከፍ አድርጎ ለሕንፃው ይሰጣል። በሙቀት ወራት ሥራው ተገልብጦ የቤቱ ሙቀት ወደ ምድር ይወርዳል።

የጋዝ ቦይለር እጅግ ዘመናዊ ቢሆን እንኳ ካቃጠለው ጋዝ ኃይል በላይ ሙቀት ሊሰጥ አይችልም። ሂት ፓምፕ ግን ሙቀትን የሚያጓጉዝ እንጂ የሚፈጥር ባለመሆኑ፣ በ1 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ሰዓት ሙቀት ያስገባል። ከውጭ አየር ሙቀት የሚወስደው ሂት ፓምፕ ተከላው ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ብርዱ በበረታ ቀን፣ ይበልጥ በሚፈለግበት ሰዓት፣ ጉልበቱ ይቀንሳል። የምድሩ ይህ ችግር እምብዛም የለበትም።

የኒው ዮርኩ የቅዱስ ፓትሪክ ካቴድራል እ.ኤ.አ. በ2017 ይህንን ዘዴ ሥራ ላይ አውሏል። 10 ጉድጓዶች የተቆፈሩ ሲሆን አንዳንዶቹ ወደ 670 ሜትር ይጠልቃሉ። እ.ኤ.አ. በ1879 ለተመረቀ ሕንፃ ትልቅ ጥቅም ነው፤ መሣሪያው ከዓይን የተሰወረ ነውና የሕንፃው መልክ አይለወጥም።

ይሁን እንጂ ካቴድራሉ ዕለት ዕለት ሕዝብ የሚገባበት ነው። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን ብቻ ለሚከፈት አዳራሽ የቁፋሮው ወጪ ፈጥኖ አይመለስም፤ ለዚህ ዓይነቱ አጥቢያ የአየሩ ሂት ፓምፕ ይሻላል ብለን እናምናለን። በአንድ ቅጽር መኖሪያ፣ ትምህርት ቤትና ጽሕፈት ቤት ካሉ ስሌቱ ይለወጣል፤ በምድር ውስጥ ያለው ቧንቧ 50 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላልና። የኤሌክትሪክ ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት ከጋዙ አራት እጥፍ በሆነበት ከተማ ግን ወርሃዊው ሂሳብ ላይቀንስ ይችላል።

በአዲስ አበባ አየሩ ራሱ ለዘብ ያለ ስለሆነ ወፍራም ግድግዳና በቂ መስኮት ይበቃል። በአፋር ቆላ ደግሞ ምድሩም ወደ 30 ዲግሪ ስለሚጠጋ ለማቀዝቀዝ የሚሰጠው እገዛ ጥቂት ነው።

ውል ከመፈረሙ በፊት ኮሚቴው የሦስት ዓመት የጋዝና የኤሌክትሪክ ደረሰኝ ይሰብስብ፤ በጣሪያና በመስኮት የሚያመልጠውን ሙቀት አስቀድሞ ይድፈን፤ ይህ ሲሆን የሚያስፈልገው ጉድጓድ ቁጥሩ ያንሳል። ነባሮቹ ራዲያተሮች 50 ዲግሪ በሆነ ውኃ ቤቱን ማሞቅ መቻላቸውንም ባለሙያው በብርድ ቀን ፈትኖ በጽሑፍ ያረጋግጥ፤ ብዙዎቹ የተሠሩት ከ70 ዲግሪ በላይ ለሆነ ውኃ ነው።