ርዕዮተ ዓለም የሌለው ጽንፈኝነት፦ ከወልቂጤ እስከ ሳውዝፖርት

የኃይል ጽንፈኝነት ምንነት

ርዕዮተ ዓለም (አይዲዮሎጂ) አንድ ማኅበረሰብ እንዴት መኖርና መተዳደር እንዳለበት የሚገልጽ፣ እርስ በርሱ የተያያዘ የአስተሳሰብ ሥርዓት ነው። ጽንፈኝነት የራስን ወገን ደኅንነት ሌላውን ከመጉዳት ነጥሎ የማያይ አመለካከት ሲሆን፣ ወደ ግድያ፣ ቃጠሎና ማፈናቀል ሲሸጋገር የኃይል ጽንፈኝነት ይባላል።

ለረጅም ጊዜ ርዕዮተ ዓለምና የኃይል ጽንፈኝነት የማይነጣጠሉ ተደርገው ይታዩ ነበር። ከጥቃት ጀርባ ድርጅት፣ መሪና መግለጫ ይፈለግ ነበር። ሆኖም ጥቃት ፈጻሚው የሚያምንበትን ነገር መግለጽ የማይችልበት፣ ወይም የሚጋጩ ሐሳቦችን ከየቦታው የቃረመበት አጋጣሚም አለ።

የጉራጌ ምድር ተሞክሮ

በሰኔ 2010 ዓ.ም. በወልቂጤ ከተማ በጉራጌና በቀቤና ተወላጆች መካከል ግጭት ተነስቶ የሰው ሕይወት ጠፋ። በዚያው ወር ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ወደ ከተማዋ ሄደው ነዋሪዎችን አነጋገሩ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ከቡታጅራ ብዙም በማይርቀው የእንሴኖ አካባቢ በመስቃንና በማረቆ መካከል የተነሳው ግጭት በየጊዜው እያገረሸ ብዙዎችን ገድሏል፣ አፈናቅሏል።

ከእነዚህ ግጭቶች ጀርባ የመሬትና የአስተዳደር ጥያቄ ነበር። ጥያቄ መኖሩ ግን የጎረቤት ቤት ለምን እንደሚቃጠል አያስረዳም። ቀበሌያችን ወደዚህ ወረዳ ይካለል የሚል ሰው አቤቱታ ሊያቀርብ ይችላል፤ ክብሪት የሚያስይዘው ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ባለው ግጭት ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «ዛሬ ማታ ሊመጡብን ነው» በሚል ወሬ ነው። የትና መቼ እንደተቀረጸ የማይታወቅ ቪዲዮ ከስልክ ወደ ስልክ ይተላለፋል። በመንደሩ ያለ ወጣት አስቀድሞ ካልመታ የሚመታ ይመስለዋል፤ ጓደኞቹ ሲወጡ ቤት መቅረትም ፈሪ ያሰኘዋል። አንድ ሰው ሲሞት የሟቹ ወንድም ገዳዩን በስም አይፈልግም፤ «እነሱ» ብሎ ያገኘውን ይመታል። በዚህ ሁሉ መሀል የተነበበ መጽሐፍ ወይም የተሰበከ ትምህርት ላይኖር ይችላል። ፍርሃት፣ ወሬና በቀል ብቻቸውን በቂ ናቸው።

የሕጉ አቋም

የሽብር ወንጀልን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣው አዋጅ ቁጥር 1176/2012 ድርጊቱ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም የርዕዮተ ዓለም ዓላማን ለማራመድ የተፈጸመ እንዲሆን ይጠይቃል። ይህ መስፈርት ተገቢ ነው፤ ካልኖረ ማንኛውም ጠብ ሽብር ሊባል ይችላልና።

ዓላማው ባይገኝ ግን ወንጀሉ ሳይቀጣ ይቀራል ማለት አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 539 ከባድ የሰው ግድያን፣ በአንቀጽ 240 ደግሞ ነዋሪዎችን እርስ በርስ ማስታጠቅንና ማነሳሳትን ይቀጣል።

መከላከልን የሚያከብደው ምክንያት

ቅጣት የሚመጣው ከጉዳት በኋላ ነው፤ ግልጽ ዓላማ ያለመገኘቱ ችግር የሚጎላው ግን ቀደም ብሎ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በእንግሊዝ ሳውዝፖርት ከተማ አንድ የ17 ዓመት ወጣት በዳንስ ትምህርት ላይ የነበሩ ሦስት ሕፃናትን በቢላዋ ገደለ። ይህ ወጣት ከዚያ በፊት «ፕሪቬንት» ለተባለው የአገሪቱ ፀረ ጽንፈኝነት ፕሮግራም ሦስት ጊዜ ተጠቁሞ ነበር። በኋላ የተደረገው ግምገማ እንዳመለከተው፣ ግልጽ ርዕዮተ ዓለም አለመገኘቱ ከሚገባው በላይ ክብደት ተሰጥቶት ነበር። ለኃይል ድርጊት የነበረው ዝንባሌ እየታየ፣ እምነቱ ስላልታወቀ መዝገቡ ተዘጋ።

የሳውዝፖርቱ ወጣት ብቻውን ነበር፤ የወልቂጤውና የእንሴኖው ጥቃት የቡድን ነው። የሚያመሳስላቸው አስቀድሞ መታየት የሚችለው ነገር ነው፦ ዛቻ፣ መሣሪያ ማሰባሰብ፣ የበቀል ንግግር።

የሽማግሌዎች ዳኝነት ቦታ

በቀልን በማብረድ ረገድ በቸሃና በሌሎቹ የሰባት ቤት ጉራጌ አካባቢዎች የጆካ ቂጫ (ባህላዊ ሕግ) አሁንም ይሠራል። በዚህ ሥርዓት ነፍስ ሲጠፋ ሽማግሌዎች በሟችና በገዳይ ቤተሰብ መካከል ይገባሉ፤ የደም ካሳ ይወሰናል፤ እርቅ ይፈጸማል። ጥፋቱ ባለቤት ስለሚያገኝ ደሙ መላውን ሕዝብ አይከተልም።

የጆካ የሚዳኘው ግን የተቀበለውን ማኅበረሰብ ብቻ ነው። በጉራጌና በቀቤና፣ በመስቃንና በማረቆ መካከል የፈሰሰው ደም የሁሉም ወገን ሽማግሌዎች በአንድ ሸንጎ ካልተቀመጡ በስተቀር እልባት አያገኝም።